የሳይክሉ መንገድ ከተማው ጫፍ ላይ አይቁም

በጅማ ከተማና በጅማ ዞን የመንገድና የትራንስፖርት ሥራ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች፣ በዚሁ መንገድ ለምትመላለሱ ሾፌሮች፣ እንዲሁም በጅማ ዙሪያ ለምትኖሩ ወላጆች

የተከበራችሁ፣

ከጅማ ወደ ሰርቦ በሚወስደው መስመር፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ የምኖር መምህርትና የሦስት ልጆች እናት ነኝ። ቤታችን መኪና የለም፤ ሞተርም የለም። ያሉን ሳይክሎች ናቸው። ሥራ የምንገባው፣ ልጆች ትምህርት ቤት የሚደርሱት፣ እህል ወፍጮ ቤት የሚወርደው፣ ለቅሶ የምንደርሰው በእነሱ ነው። ከእናንተ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ለሳይክል መስመር መለየት በከተማ ከተጀመረ፣ መስመሩ ከተማው ጫፍ ሲደርስ አይቁም። ሳይክል ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ሰው የሚኖረው ከዚያ ጫፍ ወዲያ ነው።

ጥያቄያችን ከመሬት ተነስቶ የመጣ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር ሕዝቡ ከመኪና ነፃ የሆነ አስፋልት ላይ ወጥቶ ሲሮጥ፣ ልጆች ሳይክል ሲለማመዱ አይተናል። የትራንስፖርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029 የሚሠራ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። በኮሪደር ልማቱም በአገራችን ከተሞች የእግረኛና የሳይክል መስመር ከመኪናው እየተለየ መሠራት ጀምሯል። በዚህ ከልቤ ተደስቻለሁ። ሐሳቡ ከአዲስ አበባ ወደ ሌሎች ከተሞች ከወረደ፣ ከከተማ ወደ ገጠር ቀበሌ የማይወርድበት ምክንያት አይታየኝም።

ቤተሰባችን እንዴት እንደሚኖር ትንሽ ላስረዳችሁ። ዕቅድ የሚነድፍ ሰው የገጠር ሳይክል ምን እንደሚሠራ ካላየ፣ እሁድ ጠዋት ለስፖርት የሚወጣውን ወጣት ብቻ አስቦ ይነድፋል ብዬ እሰጋለሁ።

ባለቤቴ ቡና አለው፣ ቀፎ አለው፤ ላሞችም አሉን። የሚነዳው ወፍራም ብረት ያለው፣ ከኋላው ሰፊ የዕቃ መጫኛ የተበየደለት ሳይክል ነው። ማለዳ ወተቱን በጄሪካን ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ ከተማ ያደርሳል። ወተት ጊዜ አይሰጥም፤ ሚኒባስ እስኪሞላ መንገድ ዳር ሲቆም ፀሐይ ይወጣበትና ደንበኛ ጋ ሳይደርስ ይበላሻል። በሳይክል ከሆነ ግን ሰዓቱን የሚወስነው ራሱ ነው። ሲመለስ ለላሞቹ ፉርሽካ፣ ለቤት ጨውና ሳሙና፣ አንዳንዴም ለአጥር የሚሆን ሽቦ ጭኖ ይመጣል። ሐሙስ የጅማ ገበያ በሚውልበት ቀን መንገዱ ላይ እንደ እሱ ያለ ብዙ ሰው ይታያል፤ ዶሮ የሰቀለ፣ ሙዝ የጫነ፣ የከሰል ጆንያ ያሰረ። የቡና ለቀማ ሲደርስ ደግሞ ቀይ እሸት ቡና በጆንያ ታስሮ ወደ መረከቢያ የሚወርደው በዚሁ ሳይክል ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልደረሰ ጥራቱ ይወርዳልና፣ ያኔ ደግሞ ሳይክሉ የዓመቱ ገቢያችን የተንጠለጠለበት ይሆናል።

ግማሽ ኩንታል በቆሎ በጀርባ ተሸክሞ ወፍጮ ቤት መውረድ የሴትን ወገብ ምን እንደሚያደርገው የገጠር እናቶች ታውቃላችሁ። ያው ጆንያ ሳይክል ላይ በጎማ ገመድ ሲታሰር፣ ዳገቱ ላይ እየተገፋ፣ ቁልቁለቱ ላይ እየተያዘ በሰላም ይደርሳል። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ውኃ 40 ኪሎ ነው። አማቴ ሳይክል ላይ ወጥተው አያውቁም፤ አይነዱም። ነገር ግን ጄሪካኖቹን ጭነው፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው እየገፉ ውኃ ያመጡበታል። ሳይክል ሰው ካልተቀመጠበት ጥቅም የለውም የሚል ሰው ካለ ወደ እኛ መንደር ይምጣና ይይ። ለዚህም ነው የመንገዱን ነገር ስናነሳ ስለሚነዳ ሰው ብቻ የማንናገረው፤ ሳይክል የሚገፋም ሰው ቦታ ይፈልጋል፤ እንዲያውም ጭነቱ ግራና ቀኝ ስለሚወጣ ከሚነዳው የበለጠ ስፋት ይወስዳል።

ትንሹ ልጄ ከእኔ ሳይክል ኋላ አባቱ ባሠራለት ወንበር ላይ ተቀምጦ ይሄዳል። እግሩ ከሚሽከረከረው ጎማ ሽቦ ጋር እንዳይገናኝ ግራና ቀኙ በላሜራ ተሸፍኗል። ልጅ ከኋላ የምትጭኑ ወላጆች፣ ይህን ሳታደርጉ እንዳትጭኑ አደራ እላችኋለሁ፤ ልጅ ሳያስበው እግሩን ይዘረጋል፤ ሽቦው ውስጥ የገባ የልጅ እግር ከባድ ጉዳት ይደርስበታል። መካከለኛው ልጄ የቤቱ ጎሚስታ ሆኗል። የተበሳውን ጎማ ይፈታል፣ የውስጡን ጎማ ነፍቶ ውኃ ውስጥ ይነክራል፣ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ምልክት አድርጎ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍግና በማስቲሽ ይለጥፋል። የጎረቤት ልጆችንም ያስተምራል። ዝናብ በሚበዛበት ወቅት ካቴናውን በናፍጣ አጥቦ ዘይት የሚቀባው እሱ ነው። የጅማ ዝናብ ከበልግ ጀምሮ ክረምቱን አልፎ እስከ መስከረም ድረስ ስለሚዘልቅ ቀዩ ጭቃ በጎማውና በፓራፋንጎው መሐል ተጠቅጥቆ ጎማውን ይዞ ያቆመዋል፤ ስለዚህ ፓራፋንጎውን ከፍ አድርገን አሰርነው። ይህን ዘዴ ከአካባቢው ልጆች ነው የተማርነው።

እንዲህ የሚኖር ቤተሰብ ብዙ ነገር ያገኛል። ልጆቼ በየመንገዱ ያለውን ሰው ሁሉ ያውቃሉ። በኦሮምኛ «አካም ቡልተን» (እንዴት አደራችሁ) እየተባባሉ ነው የሚያልፉት፤ የማን ላም እንደወለደች፣ የማን አባት እንደታመመ ቤት ሲገቡ የሚነግሩን እነሱ ናቸው። እሁድ ዘመድ ጥየቃ ስንወጣ አንድ ላይ ነው የምንወጣው፤ ትልቋ ከፊት፣ እኔ መሐል፣ አባታቸው ከኋላ። ሳይክል ግን ሁሉን ነገር አይሠራም። ምጥ የያዛት እናት አምቡላንስ ነው የሚያስፈልጋት፤ የዴዶን ዳገት የሚያውቅ ሰውም ሳይክል ለሁሉም ቦታ ነው አይልም። እኔ የምናገረው ሳይክል በደንብ ስለሚሠራበት ቦታና ስለሚሠራለት ሥራ ነው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም፤ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር በላይ ሆኗል፤ በትናንሽ ከተሞች ደግሞ መንገድ ዳር በሃይላንድ ተሞልቶ በዚያም ላይ ተጨምሮበት ይሸጣል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሏል፤ የኤሌክትሪክ መኪና ግን ዋጋውም የሚሞላበት መብራትም ለእኛ ቀበሌ ገና ነው። መኪና እስኪመጣልን ብለን ልጆቻችንን ቤት አናስቀምጥም።

ከሁሉ በላይ እንድታዩልኝ የምፈልገው የሴት ልጆችን ጉዳይ ነው።

ታላቋ ልጄ ዘንድሮ 9ኛ ክፍል ናት። በእኛ አካባቢ እስከ 8ኛ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ቅርብ ነው፤ ርቀቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በመምህርነቴ ያየሁት ይህ ነው፦ በክፍሌ ጎበዝ የነበሩ ሴት ልጆች 8ኛን ጨርሰው ከዚያ ወዲያ አላገኛቸውም። በእግር ከአንድ ሰዓት በላይ የሚያስሄድ መንገድ ነው። ልጅቷ ጨለማው ሳይገፍ ትወጣለች፤ ስትመለስ ውኃውም እንጨቱም እየጠበቃት ነው። ወላጅ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ ከተማ ቤት ተከራይቶላት ለብቻዋ ትኑር፣ ወይ ትቅር። ኪራዩን የማይችል፣ ለብቻዋ መኖሯንም የሚፈራ ወላጅ «ትቅር» ይላል። አልፈርድበትም፤ እናት ነኝና ፍርሃቱ ይገባኛል።

ሳይክል እዚህ ላይ ሦስተኛ ምርጫ ሆኖ መጣ። በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትራመድ ልጅ ሳይክል ላይ ሳትቸኩል 12 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ከአንድ ሰዓት በላይ የነበረው መንገድ ወደ ግማሽ ሰዓት ይወርዳል። ጀምበር ሳትጠልቅ ቤቷ ትደርሳለች፤ ለማጥናትም ሰዓት ይተርፋታል።

መጀመሪያ ላይ ሴት ልጅ ሳይክል ላይ መውጣቷ ያላስደሰታቸው ጎረቤቶች ነበሩ። አንድ የማከብራቸው ሐጂ ጎረቤታችንን ቤታቸው ሄጄ አነጋገርኳቸው። የእሳቸው ሥጋት «ቀሚሷ በካቴናው ተይዞ ብትወድቅስ?» የሚል ነበር። ትክክለኛ ሥጋት ነው። ካቴናውን ዙሪያውን የሚሸፍን ላሜራ አሠራን፤ ሳይክሉም ከፊት ያለው ብረት ዝቅ ብሎ የወረደ፣ እግር ከፍ ሳይደረግ የሚወጣበት ዓይነት ነው። በረጅም ቀሚስም፣ በሒጃብም ይነዳል። ዛሬ የሐጂ የልጅ ልጅ ከልጄ ጋር አብራ ነው የምትሄደው፤ ሌሎችም ተጨምረዋል። ልጆች በቡድን ሲሄዱ የወላጅ ልብ ያርፋል። እንግዲህ ጎረቤት አምኖ፣ አባት ቡናውን ሸጦ ሳይክል ገዝቶ፣ ልጅቷም ፈቅዳ ከቤት ከወጣች በኋላ የሚቀረው መንገዱ ነው። እሱ ደግሞ በእናንተ እጅ ነው።

ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ያለው የቀበሌ መንገድ ነው። የገጠር ቀበሌዎችን ከዋና መንገድ ጋር ለማገናኘት በ2003 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየአካባቢው እንዲህ ያሉ መንገዶች ተሠርተዋል፤ ከዚያ በፊት የነበረውን የሚያስታውስ ሰው ውለታቸውን አይረሳም። ነገር ግን እንዲህ ያለ መንገድ ሲጠገን የሚታሰበው አይሱዙ ነው። የሚደፋው ድንጋይ ትልልቅና ልቅ ስለሆነ ሳይክል ላይ ያለ ሰው ጎማው ይንሸራተትበታል፤ ጭነት ያለው ደግሞ ጨርሶ አይችለውም። ስለዚህ ሁላችንም የመንገዱን ጠርዝ ይዘን፣ እግረኛ ባወጣው ቀጭን መስመር ላይ እንሄዳለን። ክረምት ሲመጣ ያ መስመር ወደ ቦይነት ይቀየራል። መፍትሔው ውድ አይደለም። ግሬደሩና ሮለሩ ለጥገና በመጡበት ጊዜ፣ በመንገዱ አንድ ጎን አንድ ሜትር ያህል ስፋት ላይ ደቃቅ ገረጋንቲ ተደርጎ በደንብ ይጠቅጠቅ፤ ውኃው ወደ ሌላው ጎን እንዲወርድ ይደረግ። እግረኛውም፣ ጋሪውም፣ አህያ የሚነዳውም ይጠቀምበታል።

አስፋልቱ ላይ ያለው ችግር ሌላ ነው። ይህ መንገድ ጅማን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ከምትርቀው አዲስ አበባ ጋር የሚያገናኝ ነው፤ ቡና የጫነ ተሳቢ፣ የነዳጅ ቦቴ፣ የሕዝብ አውቶቡስ፣ ሚኒባስ፣ ባጃጅ ሁሉም በዚሁ ነው። ሁለት ከባድ መኪኖች ሲተላለፉ ለሳይክል የሚተርፍ ቦታ የለም፤ ሳይክል የያዘ ሰው መውረድ አለበት። ችግሩ የሚወርድበት ቦታ ነው። የአስፋልቱ ጠርዝ በብዙ ቦታ ተበልቷል፤ ከጎኑ ያለው አፈር በዝናብ ታጥቦ ዝቅ ስላለ በአስፋልቱና በአፈሩ መካከል እርከን ተፈጥሯል። ልጄ አንድ ጊዜ ከኋላዋ የመጣ ከባድ መኪና ጡሩምባ ሲነፋባት ለማሳለፍ ብላ ወረደች፤ የፊት ጎማው ከእርከኑ ሲወርድ ተጠማዘዘባትና ወደቀች። ጉልበቷና መዳፏ ተላጠ፤ ከዚያ የከፋ ባለመሆኑ ፈጣሪን አመሰግናለሁ። መኪናው አልነካትም። የጣላት እርከኑ ነው። አፈሩ ከአስፋልቱ እኩል ቢሆን ኖሮ ወርዳ፣ አሳልፋ፣ ተመልሳ ትወጣ ነበር።

ስለዚህ የምንለምናችሁ አስፋልቱን አስፉልን አይደለም፤ ያ ብዙ ገንዘብ እንደሚጠይቅ እናውቃለን። የምንለምናችሁ ትከሻውን፣ ማለትም ከአስፋልቱ ጠርዝ ጎን ያለውን የመንገዱን ዳር ነው። አንድ ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያለው፣ ከአስፋልቱ እኩል የሆነ፣ በገረጋንቲ ተሞልቶ የተጠቀጠቀ ትከሻ በሁለቱም በኩል ይኑረን። ወደፊት መንገዱ በአዲስ ሲነጠፍ ደግሞ ትከሻውም አብሮ አስፋልት እንዲሆን ከአሁኑ በዲዛይኑ ይግባ፤ ከተሠራ በኋላ መጨመር ሁልጊዜ ከባድ ነው። ፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ስትሠሩ ጫፉ ላይ ለሳይክል ማለፊያ ተዉለት፤ ጭነት የያዘ ሰው ጉብታውን ሲዘል ወተቱም ይፈሳል፣ ሰውየውም ይወድቃል። ከተማ ውስጥ የቦይ መክደኛ ፍርግርግ ስታስገጥሙ ክፍተቱ ከመንገዱ አቅጣጫ ጋር ትይዩ አይሁን፤ የሳይክል ጎማ ቀጭን ስለሆነ ሰተት ብሎ ይገባበታል። ብረቱን አዙሮ መግጠም ብቻ ነው የሚፈልገው።

የት እንጀምር ካላችሁ፣ ከከተማው ምሥራቃዊ መውጫ በቦዬ በኩል ጀምሩ እላለሁ። የቦዬ አካባቢ ሜዳ ነው፤ ረግረጉ ዳር ያለው መንገድ ለሳይክል ከሁሉ የሚመቸው ነው። ጠዋት በዚያ በኩል ወደ ከተማ የሚገባውን ሰው አንድ ቀን ብቻ ቆማችሁ ብታዩ ተማሪው፣ ወተት አድራሹ፣ የቀን ሠራተኛው ምን ያህል እንደሆነ ትገነዘባላችሁ። ከዚያ ወደ ሰርቦ መቀጠል ይቻላል። የሰቃና የየቡ መስመር ነዋሪዎችም የራሳቸውን ያውቃሉ፤ እነሱንም ጠይቋቸው።

ከመንገዱ ሌላ አንድ ትንሽ ነገር አለች። ሳይክል ይዞ ከተማ የገባ ሰው የሚያስርበት ያጣል። ልጆቻችን ትምህርት ቤት ደርሰው «ሳይክል ግቢ አይገባም» የተባሉበት ጊዜ ነበር፤ ከአጥር ውጭ ያሰረ ልጅ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ልቡ ሳይክሉ ላይ ነው እንጂ ትምህርቱ ላይ አይደለም። በትምህርት ቤት፣ በጤና ጣቢያና በገበያ ግቢ ውስጥ መሬት ላይ የተተከለ አንድ አግዳሚ ብረት ይበቃል። ጥበቃው ካለበት አጠገብ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

ሾፌር ወንድሞቻችን፣ ለእናንተም መልእክት አለኝ። መንገዱ የእንጀራችሁ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሌሊቱን ስትነዱ አድራችሁ እንደምትደርሱም አውቃለሁ። ሳይክል ስታልፉ እባካችሁ ከአንድ ሜትር በላይ ራቅ ብላችሁ እለፉ። ከፊት ሌላ መኪና እየመጣ ከሆነ እስኪያልፍ ከልጁ ኋላ ቀስ በሉ፤ የሚወስድባችሁ ጥቂት ሰከንድ ነው። ጡሩምባውን ከሩቅ ንፉት፤ አጠገቡ ደርሳችሁ ስትነፉት ልጅ ይደነግጥና መሪው ከእጁ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እግረኛና ሳይክል ነጂ ከመኪና ጋር በሚቀላቀሉበት ቦታ ፍጥነት በሰዓት ከ30 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ይመክራል። በትምህርት ቤቶች አካባቢ ይህንኑ የሚያስገድድ ምልክት እንዲተከል ኃላፊዎቹን እንጠይቃለን፤ ምልክቱ እስኪመጣ ግን እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱልን።

ወላጆች፣ ለልጆቻችሁ ሳይክል ስትገዙ መጀመሪያ ፍሬኑን ፈትሹ፤ የፊቱም የኋላውም ይሥራ። ከኋላ አንጸባራቂ ይኑረው፤ ማታ የሚመለስ ልጅ መብራት ይያዝ። ሄልሜት ማግኘት የቻለ ያድርግለት። ልጆቹን በቡድን ላኳቸው።

የመንገድ ጥገና ሥራ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት ወዲህ ነው የሚመቸው። ዕቅዱና በጀቱ ግን የሚያዘው ከዚያ ቀድሞ ስለሆነ አሁን እየጻፍን ነው። አንድ መሐንዲስ ልካችሁ ከቦዬ እስከ ሰርቦ ያለውን ጠርዝ አስለኩልን፤ የትኛው ቦታ እንደሚብስ፣ ልጆች የት የት እንደሚወርዱ አብረን እየሄድን እናሳያለን። የቀበሌያችን ዕድር ተነጋግሮበታል፤ ገረጋንቲውና ሮለሩ ከመጣ ለመበተኑ፣ ለመደልደሉና ቦይ ለመጥረጉ በጉልበታችን እንወጣለን። የአካባቢው ሽማግሌዎችም ከጎናችን ናቸው። ለመለካት የምትመጡበትን ቀን በቀበሌው ጽሕፈት ቤት በኩል ብትልኩልን ይደርሰናል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በጅማ ዙሪያ ነዋሪ የሆነች እናትና መምህርት